ከዘፈኑ የተቆረጠው ሳቅ

አቶ ሳንካ የሚለውን ስም ያወጡለት በኮምፒውተር ብቻ የሚያውቁት ባልደረቦቹ ናቸው። የእንጀራ ሥራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ከሥራ መልስ ግን ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር የቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው። አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር፣ በታረሙት ሳንካዎች፣ ማለትም በፕሮግራሙ ስሕተቶች፣ የሚያላግጥ ዘፈን አብሮ መውጣት አለበት። ወጋቸው ነው። ዘፋኙ እሱ ነው፤ ድምፁ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም፣ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው!

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታቸው አንድ ክፍል ስለሆነ፣ እሱ ጊታሩን ይዞ ሲቀዳ እሷ ከጎኑ የስፌት መኪናዋን ታንኳኳለች፤ ቀልዱ ጋ ሲደርስ መርፌው ይቆምና በሳቅ ትፈርሳለች። ፕሮግራሙ ገና ሲጀመር መጽሐፍ የተዋሰውን ሰው ትቶ፣ ከሞተ ዘመን ያለፈውን ደራሲ «መልስ» ይል ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ስለዚህ ነበር፤ «መቃብር ድረስ ሄዶ፣ መጽሐፍ መልስ አለው»።

አቶ ሳንካ ጥንቁቅ ነው። መኪናውንም ሳቁንም ከቅጂው ቆርጦ ይጥልና ጥርት ያለውን ዘፈን ይልካል።

ዘንድሮ ሚስቱ ሞተች። ሕመሙ ፋታ አልሰጣትም። ሊያጽናኑ የመጡት ሲበተኑ ቤቱ ጭር አለ፤ ያልተዘመዘመ ቀሚስ መርፌው ሥር እንደተሰካ ቀረ። ባልደረቦቹ «ያለ ዘፈንህ አናወጣም፤ እስክትችል እንጠብቅሃለን» ብለው ጻፉለት። ሞከረ፤ ከመጀመሪያው ስንኝ አላለፈም። የፈለገው ሳቋን አንድ ጊዜ መስማት ብቻ ነበር። የድሮ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። ለካ በገዛ እጁ ጠራርጎ አስወጥቷታል!

ይህንኑ ለባልደረቦቹ ጻፈ። ከመካከላቸው አንዲት ነርስ መለሰችለት፦

«ወንድምዬ፣ ረሳኸው እንዴ? የመጀመሪያውን ዘፈን ስትልክ ተሳስተህ ያልጸዳውን ልከህልን፣ ደንግጠህ ቀየርከው። ስንስቅብህ ከረምን። እኛ ዘንድ እኮ አዲሱ ይደረባል እንጂ አሮጌው አይጠፋም። ከሥሩ ፈልገው።»

ፈለገ፤ አገኘው። ከፈተው። መኪናዋ ተንኳኳ፤ እሱ ዘፈነ፤ ዘፈኑ የደራሲው መቃብር ጋ ሲደርስ መርፌው ቆመና ሳቋ ፈነዳ። አቶ ሳንካ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳቁ ግን አልቆየም። ከቅጂው ውስጥ የራሱ ድምፅ በብስጭት ወጣ፦

«ኧረ ዝም በይ! አበላሸሽብኝ እኮ!»

«እሺ በቃ፣ ይቅርታ» አለች።

ከዚያ በኋላ መኪናውም አልተንኳኳም። እስከ መጨረሻው የሚዘፍነው እሱ ብቻ ነው።

አቶ ሳንካ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው፤ ያ ቁጡ ድምፅ ሊናገር ሲል ቀደመው።

«ሳቂ፣ እመቤቴ» አለ፤ «ሳቂ፤ ምንም አላበላሸሽም።»