ቢምቢ ያልቀመሰው ክንድ

ጠጅ ሳር በበሬ ሞራ ሲንተከተክ የሚሰጠው ሽታ ዛሬም በእንቅልፌ ይመጣብኛል። ልጅ ሳለሁ ዳንግላ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ አናጢው ጋሼ አድማሴ መስከረም በጠባ ቁጥር ያን ቅባት ያፈሉ ነበር። ጭጋጉ ከጓሮው ሳይነሣ ሽታው አጥር ዘሎ ይገባና ትራሳችን ላይ ይተኛል። እናቴም «አድማሴ ሊወርድ ነው» ትላለች። መውረድ ማለት ወደ ቆላው፣ ወደ ጫግኒ ነው፤ ለመኸሩ ጎተራ ለመሥራት።

ጋሼ አድማሴ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከእንጨት ጋር በአዊኛ የሚነጋገሩ ሰው ናቸው። ከቆላ የሚመለሰው ሠራተኛ በወባ እየተንዘፈዘፈ ሲመጣ እሳቸው እንደ ሄዱ ይመለሳሉ። ቢምቢ ነክሷቸው አያውቅም። «ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ጊዜ መቀባት ነው፤ እስኪነጋ ይበቃል» ይላሉ፤ ለለመናቸው ሁሉ በቆርቆሮ እየሞሉ ይሰጣሉ።

ታናሽ ወንድማቸው ደርበውም ያንኑ ቅባት ይዞ ከሚስቱ ጋር ወረደ። እዚያው በወባ ሞተ። በለቅሶው ላይ ጋሼ አድማሴ፣ «ስንፍናው ነው፤ ሳይቀባ እየተኛ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሚስቱ ምህረቴ፣ «በእጄ እየቀባሁት» አለች። የሰማት የለም። ከዚያ ወዲህ ለዐሥራ አንድ ዓመት የሁለቱ ሰላምታ ከአንገት በላይ ሆነ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ገላ ላይ የሚቀባ የቢምቢ መከላከያ የሚፈትኑ ሰዎች ጫግኒ መጥተዋል የሚል ወሬ ጋሼ አድማሴ ሰሙ። «ዓይኔ ደክሟል፤ አብረኸኝ ውረድ» አሉኝ። ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ ሄድን። ከእንጅባራ በታች ደመናው ወደ ኋላ ቀረ፤ ሙቀቱ እንደ እንቅልፍ መጣብን።

ምህረቴን ፈተናው ያለበት ቤት በር ላይ ቆማ አገኘናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጫግኒ ነው የቀረችው፤ የሰዎቹን መምጣት እሷም ሰምታለች። «ልይ ብዬ ነው የመጣሁ፣ ጋሼ» አለች።

የክፍሉን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ጋርደው ቀኑን ምሽት አስመስለውታል። ፈታኙ ምንይችል የሚባል ወጣት ነው። ከፊቱ በመረብ የተሠራ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ቢምቢዎች እንደ ብናኝ ይንሳፈፋሉ።

«እዚሁ ያረባናቸው ናቸው፤ በሽታ የላቸውም።»

«በግ ብታረባ አይሻልህም?» አሉት ጋሼ አድማሴ።

«በግማ ለበዓል ያልቃል፣ አባባ። ይኸ አያልቅም።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ቅባቱን ሊነኩ ሲሉ ያዛቸው። «መጀመሪያ ባዶ ክንድዎን ያስገቡ። ቢምቢዎቹ መራባቸውን እንይ።»

አስገቡ። ምንይችል ሰዓቱን ያዘ። ቢምቢዎቹ መጡ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። አንዲትም አላረፈችም።

«ጠግበዋል» አሉ ጋሼ አድማሴ።

ምንይችል የራሱን ክንድ ሰደደ። ወዲያው ሰፈሩበት።

«እርስዎን አይወዱዎትም፣ አባባ። አንዳንድ ሰው ተፈጥሮው ነው። በእርስዎ ክንድ መድኃኒት አይፈተንም።»

«ሳልቀባም?»

«ሳይቀቡም።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል እያገላበጡ አዩት።

ምንይችል ቅባቱን በሌላው ክንዱ ላይ ለቅልቆ አስገባ። አንድም አልነካውም። የጋሼ አድማሴ ፊት ፈካ። እያወጣ፣ ጥቂት እየቆየ፣ መልሶ እያስገባ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ውጭ የባጃጅ ድምፅ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። ምህረቴ ከአግዳሚው ላይ ዓይኗን ከሣጥኑ አልነቀለችም።

አርባኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ቢምቢ አረፈች። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ ምንይችል ክንዱን አወጣ።

«አርባ ደቂቃ ቀላል አይደለም» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«እስኪነጋስ?»

«እስኪነጋ አያደርስም፣ አባባ። ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል።»

ጋሼ አድማሴ እጅጌያቸውን አወረዱና ወደ አግዳሚው ዞሩ።

«ምህረቴ» አሉ፣ «አንድ ጊዜ ይበቃል ያልሁት እኔ ነኝ። ደርበው ጥፋት አልነበረበትም። አንቺም እውነትሽን ነበር። ለቅሶ ላይ የተናገርሁትን፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ስሕተት ነበር ብዬ አነሣዋለሁ።»

ምህረቴ በሣጥኑ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ እሳቸውንም እኛንም ሳትሰናበት በሩን ከፍታ ወጣች።