የጉንቮር ዜማ

አክስቴ ጉንቮር ስቶክቪካ በምትባል የኖርዌይ መንደር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ አገናኝ ነበረች። ከወደቡ በላይ ባለችው ቢጫ ቤት ተቀምጣ ገመድ እየነቀለች ገመድ ትሰካለች። ሎፎተን ደሴቶች ላይ የከረሙ ዓሣ አጥማጆች ወደ ቤታቸው ሲደውሉ፣ ገና «ስቶክቪካ» ስትል ነገሩ ይገባቸዋል። የቃሉን መጨረሻ ከፍ ካደረገችው ልጅ ተወልዷል፤ መሃሉን ጎትታ ዝቅ ካደረገችው ወንበር ፈልገው ይቀመጣሉ። «ጉንቮር ትንፋሽ መሰብሰቢያ ትሰጥሃለች» ይሉ ነበር።

እኔ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የንግግርን ዜማ አጠና ነበር። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ በሐምሌ ስመለስ የድምፅ መቅረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«መርዶ ስትነግሪ እንዴት ነው የምትጀምሪው?»

«አንተ ደግሞ! ሰው ሳይሞት መርዶ ልናገር?» ብላ ሳቀች።

 ከዚያ ግን የመንደራችን ሴት የዮሩን ባል ከነጀልባው እንዴት እንደሰጠመ ነገረችኝ፤ ዮሩንን ራሷ ደውላ ያረዳቻት እሷ ናት። ስታወራ ድምፅዋ በዚያን ዕለት ወደወረደበት ወረደ። ስትጨርስ በጣቷ መቅረጫውን አሳየችኝ።

«ይሄን ማን ይሰማዋል?»

«እኔና መምህሬ ብቻ።»

«እንደዚያ ከሆነ ይሁን።»

በየካቲት የመንደሩ የፌዝ ትርኢት አለ። የሚፌዝበት ሰው የፊት ወንበር ይሰጠዋል፤ ካኮረፈ በሚቀጥለው ዓመት ይደገምለታል። መሪው አብሮ አደጌ ሌይዱልፍ ነበር። ለገና ስመጣ ያዘኝ።

«ዘንድሮ ተራው የአክስትህ ነው፤ እሷን የቀረጽክባትን ቴፕ አንድ ቀን አውሰኝ፣ አነጋገሯን ልለማመድ።»

«መጀመሪያዋን ብቻ ስማ፣ እሺ?»

«ኧረ አታስብ ፕሮፌሰር!»

በትርኢቱ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹ ሞላ። አክስቴ ፊት ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ። ሌይዱልፍ ቀሚስ ለብሶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። አንድም ቃል አልተናገረም። አፉን ዘግቶ ዜማዋን ብቻ አንጎራጎረ።

«ጉንቮር! ጉንቮር ናት!» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እውነት እንዲህ ነው የማዜመው?» ብላ ጎኔን ጎሰመችኝ።

ያኔ ሌይዱልፍ መሃሉን ጎተተና ዝቅ አደረገው። ልክ ቴፑ ላይ እንዳለው፣ እስከ መጨረሻው። ሰው በጀመረው ሳቅ ቀጠለ። ከኋላችን ሁለተኛው መደዳ ላይ ዮሩን ተነስታ ኮቷን መልበስ ጀመረች።

አክስቴ ወደ መድረኩ አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

«ለመምህርህ ነበር ያልከኝ።»

«መጀመሪያዋን ብቻ ስማ ብዬው ነበር…»

 ሌይዱልፍን በኋላ ስወቅሰው «የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?» አለኝ። እሱ ከዳኝ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ፤ እንዲያ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ አክስቴ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ትናገር ጀመር። ከፍ የለም፣ ዝቅ የለም።

«ጉንቮር፣ ደግ ነው ክፉ? ንገሪኝ እንጂ!» ይሏታል አጥማጆቹ።

«አገናኝሃለሁ፣ ጠብቅ።»

ከአራት ዓመት በኋላ ኦስሎ ቢሮዬ ስልክ ጮኸ። ፖም እየገመጥኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ አነሳሁት።

«ስቶክቪካ» አለች፤ ከፍ ዝቅ በሌለው ድምፅ።

«አክስቴ! ዓሣው እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«እናትህ ዛሬ ጠዋት አርፋለች» አለችኝ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። ያረዳችኝ የገዛ እህቷን ነው።

ፖሙ አፌ ውስጥ ነበር። ወንበሩ አጠገቤ ነበር፤ ተቀመጥ የሚለኝ ዜማ ግን አልነበረም።