የገና ዱላ መራጩ

የገና ሰሞን ሸዋ በር ገበያ ላይ አየሁት። ኩታው ታጥቦ ነጽቷል፤ ቀኝ እጁ ግን ከከሳሹ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቷል። የወሰን ክርክራቸው ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ እንዲህ ያሰራቸው ዳኛ ነው።

በእንጨት ሻጩ በሽማግሌው በአው ዐብዱራሕማን ፊት ቆሞ የገና ዱላ ይመርጣል። ሰው እንዲህ ታስሮ ጨዋታ ያምረዋል? እሱን አምሮታል። አንዱን ዱላ መሬት ላይ ተክሎ በክብደቱ ያጎብጠዋል፤ ሌላውን ጣቱ ላይ አጋድሞ ወዴት እንደሚያደላ ያያል።

«ይኼ ወይራ ነው፤ ወላሂ አይሰበርም» አሉት ሻጩ።

«አይሰበርም፤ ግን ደረቅ ነው አባቴ። እኔ ክንዴን ከኋላ አዙሬ ነው የምመታው። ጎበጥ ብሎ የሚመለስ ይሻለኛል።»

ቀጠን ያለ የክትክታ ዱላ አነሣና ሊሞክረው ክንዱን ወደ ኋላ ወሰደ። ሰንሰለቱ ከሳሹን ይጎትተዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሳሹ ማንም ሳይነግረው አንድ እርምጃ ሸሸት ብሎ እጁን አብሮ አነሣ፤ ዱላው ሲወርድም አብሮ ጎንበስ አለ። ክትክታው እያፏጨ አለፈ። ሰውዬው ፈገግ አለ።

«ለበዓሉ ሊፈቱህ ነው መሰለኝ?» አሉት ሻጩ።

ሰውዬው ዱላውን በኩታው ጫፍ መወልወል ጀመረ። የመለሰው ከሳሹ ነው፤ ሰንሰለቱ የላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ፣

«አምናም እዚሁ ቆመን መርጠን ነበር» አለ።