ገና ያልሰማ

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መሥሪያ ቤታችን ለእያንዳንዳችን ቅጽ ይልካል። ሁለት ሳጥን አለው። አንደኛው «ዘንድሮ ምን አሳካህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ለከርሞ ምን አቀድክ?» ይላል። እኔ ቶራንስ ውስጥ ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ፕሮግራመር ነኝ። ቅጹን አሥራ አንድ ጊዜ ሞልቼዋለሁ። አንድ ዓመት የአምናውን ገልብጬ ቀኑን ብቻ ብቀይረው ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም አለቃዬ ዘንድሮ በጣም አድገሃል ብላኛለች።

ባለፈው ዓመት ግን መገልበጡም አቃተኝ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሥራዬን ዘረዘርኩ፤ ቀርፋፋውን ፍለጋ አፈጠንኩ፣ ያረጀውን ኮድ አወጣሁ፣ ሁለት አዲስ ተቀጣሪ አሠለጠንኩ። አንዱም ውሸት አይደለም። መልሼ ሳነበው ግን የማላውቀው ሰው ሥራ መሰለኝ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝም። ከዚያ ሁለተኛውን ሳጥን ከፍቼ፣ ሳላስበው፣ በአማርኛ «እትዬ ቤት ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አጠፋሁት። ሌላ ዕቅድ ግን አልነበረኝም።

እትዬ የምላቸው ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ሚድ ዊልሻየር አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ መውጫ ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ። ሐበሻ የሚበዛበት የፌርፋክስ ሰፈር እድራችን አባል ናቸው፤ እኔም ነኝ። እዚህ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ወር ብርድ ልብስ በዘንቢል ይዘውልኝ የመጡት እሳቸው ናቸው። የእኚህን ሴት የወንድማቸውን መርዶ፣ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም በቴክስት ነገራቸው።

ነገሩ የመጣው በደግ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባላችን ዘመድ ሲሞትበት ደብተራቸውን ይዘው አንድ በአንድ ይደውላሉ። ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል።

«ድምፄ ዘጋ እኮ ልጄ» አሉኝ አንድ እሁድ። «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? ሳምቲንግ አድርግ እስቲ።»

እድሩ የሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ጓዳ አጠገብ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በሙያችን መጀመሪያ የሚማሩት፣ ሰውየው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅን ነው። ጠየቅኳቸው።

«ሲምፕል ነው» አሉ። «ሁሉንም ኮል አደርጋለሁ።»

እኔም ለሁሉም የሚልክ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጋሼ መልእክቱን ይጽፋሉ፣ አንዲት ቁልፍ ይነካሉ፣ በአራት ሰከንድ ለአባላቱ በሙሉ ይደርሳል። ሰው ሁሉ ወደደው። ምግብ ቤቱ ስገባ «ኢንጂነሩ መጣ» እየተባለ ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። ቶራንስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አንድም ሰው ወንበር ለቆልኝ አያውቅም። ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የኮራሁበት ያ ብቻ ነው።

ጋሼ ግን ለሁሉም አይደውሉም ነበር። ሐዘኑ የራሱ ከሆነው ሰው ስም አጠገብ፣ ደብተራቸው ላይ፣ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያደርጋሉ። እሱ ጋ አይደወልም። ቅዳሜ፣ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ፤ ያስቀምጡታል፣ ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ ከዚያ ይነግሩታል። እስከዚያ አገር ምድሩ አውቆ እሱ ፊት አፉን ይዘጋል። ይህን ጋሼ አልነገሩኝም፤ ለእኛ ሰው ይህ ይነገራል እንዴ? እኔም አልጠየቅኩም፤ አውቀዋለሁና። አባቴ የወንድሙን መርዶ ሲሰማ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ክንዱን የያዙትን የሁለቱን ሰዎች ፊት ዛሬም አልረሳሁትም። አብሮኝ የሚሠራው ቬትናማዊ ፕሮግራሙን ጽፎት ቢሆን ኖሮ «የሟቹ ቤተሰብም ይላክለታል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ ነው ያልጠየቅኩት።

በጥር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ መልእክቱን ጻፉና ቁልፏን ነኩ። እትዬ መስታወት ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። ያንን ወንድማቸውን አዝለው ነው ያሳደጉት። ከፊት ለፊታቸው መኪና ተሰልፏል፣ የሚቀይራቸው ሰው የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቲኬት ሲቀበሉና «ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» ሲሉ ዋሉ።

ይህን በስልክ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፤ እያለቀሱ። እኔ «ኦኬ» አልኩ። ኦኬ ብዬ ዘጋሁና ላፕቶፔን ከፈትኩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ገና ያልሰማ» የምትል ሳጥን ጨመርኩ። እሷ ላይ ምልክት ከተደረገ ለዚያ ሰው ምንም አይደርሰውም፤ ለሌሎቹ ብቻ «ቤተሰቡ አልሰማም፣ ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል አብሮ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ከነገሩት በኋላ ጋሼ ምልክቱን ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ የለቅሶ ቤቱ አድራሻ ለሁሉም ይላካል፣ ለባለ ሐዘኑም ጭምር። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ከዚያ የትናንት ሩዝ አሙቄ ምሳዬን በላሁ። እየበላሁ የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላውም ነገር እንደዚያው ሆነ። ደመወዝ ሲጨመርልኝም፣ ጥርሴ ሲነቀልም ያው ነበርኩ።

ከቴክስቱ የባሰው ግን ለቅሶ አለመድረሴ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤታቸው ክሬንሾው ነው፤ ሁለት ጊዜ ድረስ ሄጃለሁ። የመጀመሪያ ቀን መኪናዬን አቁሜ፣ በሩ ላይ ምን እላለሁ ስል ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ብባልስ ብዬ ተመለስኩ። አርባው አለፈ። ከዚያ በኋላ እንጀራ እንኳ የምገዛው ከሌላ ሰፈር ሆነ። ዓመት ሊሞላው ነው።

ቅጹ አርብ ይገባ ነበር። በዚያ ሳምንት እሁድ እንደ ልማዴ አገር ቤት አባቴ ጋ ስደውል እህቴ አነሳች፤ «ደክሞት ተኝቷል» አለችኝ። ኦኬ አልኩ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ደግሞ፣ ዕቅድ ከሆነ ለምን ዛሬውኑ አልጀምረውም ብዬ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ሐሙስ ሐሙስ እትዬ እዚያ እንደማይጠፉ አውቃለሁ።

እንጀራ እገዛበት የነበረው ሱቅ ስገባ ሦስት ሰዎች ያወሩ ነበር፤ ሲያዩኝ ዝም አሉ። ድሮ ሳታሾፍብኝ የማትሸኘኝ ባለ ሱቋ እንጀራዬን ስትጠቀልል ቀና ብላ አላየችኝም። አንዱ ሰውዬ እጄን ጨብጦ ቶሎ አልለቅ አለኝ። ገባኝ፣ አልኩ በልቤ። ይህ ሁሉ ጊዜ አልፎም አልረሱትም። ወጥቼ መንገዱ ላይ እትዬን ፊት ለፊት አገኘኋቸው። እጄን አነሳሁ። ቆሙ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ዞር ብለው አጠገባቸው ባገኙት በር ገቡ። በሩ የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እመቤት ከእኔ ጋር ሁለት ቃል ከሚለዋወጡ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ መግባት መረጡ። ልክ ናቸው አልኩ። አልተናደድኩም፣ አላዘንኩም። እንጀራዬን ይዤ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

አርብ ቅጹን ላክሁት። ዕቅድ በሚለው ሳጥን «የተግባቦት ክህሎቴን ማሻሻል» ብዬ በእንግሊዝኛ ሞላሁ። አለቃዬ የአውራ ጣት ምልክት ላከችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ጋሼ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት የእድሩ ሰዎች አሉ። ከሁሉም ፊት የሥራ ጃኬታቸውን የለበሱ እትዬ። ለእርቅ ያመጧቸው መሰለኝ። እሳቸው ደጄ ድረስ እስኪመጡ መጠበቄ አሳፈረኝ፤ ዓመት ሙሉ የያዝኩት ቃል እዚያው በሩ ላይ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ለቅሶውም ላይ—»

«እሱ ይደርሳል» አሉ። «አሁን ግባና ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ።»

ተቀመጥኩ። ጋሼ በግራዬ ተቀምጠው ክንዴን ያዙ። አንደኛው ሰው ቀኜን ያዘ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዝም ብሏል። ፌርፋክስ ያለው ሰው ሁሉ በስልኩ አንብቦ ከእኔ ቀድሞ ያወቀውን፣ የእኔ ስልክ ደብቆኛል። ደብቀው ብዬ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ሐሙስ ዕለትም አላኮረፉኝም ነበር፤ እትዬ ፀጉር ቤት የገቡት ፊታቸው እንዳያሳብቅባቸው ነው።

እትዬ ከፊቴ ወንበር ስበው፣ ጉልበታቸው ጉልበቴን እስኪነካ ቀረቡ።

«አባትህ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ረቡዕ ለት ዐረፉ። እህትህ አጠገባቸው ነበረች። አልተሠቃዩም።»

«ኦኬ» አልኩ። ይኸው ነው የወጣኝ፤ ለእሳቸው ሐዘን ያልኩት ያው ቃል። እትዬ ውኃ አስመጥተው ብርጭቆውን ራሳቸው አፌ ላይ ያዙልኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ። ሰው መምጣት አለበት፤ ሰው እንዲመጣ ደግሞ ምልክቱ መነሳት አለበት። በአንድ ጣታቸው ስሜን ፈልገው ነኩት። አራት ሰከንድ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የባለ ሐዘኑ ስም፣ ከዚያ የሟቹ ዝምድና፣ ከዚያ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ለቅሶ ቤቱ» ይልና አድራሻ ይከተላል። አድራሻው አሁን የተቀመጥንበት ቤት ነው። እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ ቀደሙኝ። ስልኩን አንስተው፣ ሳያዩት፣ የጃኬታቸው የቲኬት መያዣ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«አታነበውም» አሉኝ። «እኔ ነግሬሃለሁ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።