በአባቴ ታክሲ ውስጥ አልጠፋ ያለችው መብራት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መኪና ቢጫ የሞተር መብራት በርቶባት አልጠፋ ስላለ፣ ለቡ ወዳለ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ ከመሪው ሥር ትንሽ ማሽን ሰክቶ አነበበ፤ አንድ የላላ ሽቦ አጠበቀና “ጠፍቷል እማማ” አለኝ። ያዘዝነው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ልጅ እያለሁ ንፋስ ስልክ ነበር የምንኖረው። የምንተዳደረው በአባቴ አሮጌ ታክሲ ነው። አንድ ክረምት የዘይቷ ቀይ መብራት በርታ ቀረች። ሞተሩ አለቀለት ብለን ደነገጥን። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ተፈራ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን መለኪያ ብረት መዘዘ፤ ሙሉ ነው። ከሞተሩ ወደ መብራቷ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለው፤ እንደዚያም ሆኖ አልጠፋችም።

“ሞተሩ ደህና ነው አባዬ። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል። እሁድ ፈልጌ አገኘዋለሁ” አለ።

ሐሙስ ዕለት ቀበሌ ጠራው፤ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመተ። ሲሄድ “ጽጌ፣ ዘይቱን አደራ። ከሁለቱ ጭረት መሀል ካልሆነ ለአባዬ ንገሪ። በቀሚስሽ እንዳትጠርጊው ደግሞ” አለኝ።

በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት መለኪያውን መዝዤ በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ መልሼ ከትቼ አያለሁ። እጄ ዘይት ዘይት ስለሚሸት የክፍል ጓደኞቼ “ማደያዋ መጣች” ይሉኝ ነበር። ተሳፋሪዎች ደግሞ አባቴን “ቀይ በርቶ ይነዳል እንዴ ጋሼ?” እያሉ ይቀልዱበታል።

“ባለቤት አላት፤ ይመጣል” ይላቸዋል።

አንድ ቀን ጎማ ሊያስጠግን የሄደበት ጎረቤታችን መካኒክ፣ ውለታ ልዋል ብሎ፣ ሳይጠይቀው የተላጠውን ሽቦ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለለት። መብራቷ ጠፋች። አባቴ አመስግኖ ቤት መጣ፤ ኮፈኑን ከፈተና ናስትሮውን ቀስ ብሎ ላጠው። መብራቷ ተመልሳ በራች። እናቴ ከበር ላይ ቆማ እያየች ነበር።

ጦርነቱ አብቅቶ ከተፈራ ጋር የዘመተ የሳሪስ ልጅ አንድ ከሰዓት እቤታችን መጣ። ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ልጁ የተሰጠውን ውኃ ሳይጨርስ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቄን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ቀድሞኝ ሞተሩን አስነሥቷል። መብራቷ ጠፍታለች። ሽቦው ላይ ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ እንደ መካኒክ እጅ የተስተካከለ አይደለም።

“ከእንግዲህ ዘይቱን ማየት ይቅርብሽ” አለኝ። ለቅሶ የተቀመጥነው በዚያው ቀን ነው።

ዛሬ መብራት ማጥፋት ቀላል ሆኗል። ከጋራዡ ልንወጣ ስንል የእህቴን ልጅ “ዘይቱን አይተኸዋል?” አልኩት።

“ማሽኑ ያየዋል እኮ እታዬ” አለ።

ቢሆንም ኮፈኑን አስከፈትኩትና መለኪያውን መዘዝኩ። ጨርቅ አልያዝኩም ነበር፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።