ከአጥሩ ጥግ የጣልኩት ቅጠል

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ያወቁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ሰው "የጋሽ ንጉሤ ላሞች በምን አለቁ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ድርቆሹ ተመርዞ ነበር" እል ነበር። ውሸት ነው። ድርቆሹ ምንም አልነበረበትም። ላሞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ይህን የሚያነቡ ሰው አያውቁኝም፤ የማያውቀኝ ሰው ፊት መናገሬም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ሲዘጉ እኔም ከሥራ ወጣሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶች መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ነበርኩ። እንግዳ ከሌለ መኪና የለም። ያኔ ከጎኔ የቆሙት ጋሽ ንጉሤና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ሁለቱም በሱዳን በኩል በስደት የመጡ የጥንት ሰዎች ናቸው። ጋሽ ንጉሤ ዕድሜያቸውን በታክሲ ላይ ከጨረሱ በኋላ፣ ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ መሬት ገዝተው የወተት ላሞች ማርባት ጀመሩ። በረሃ ላይ ላም ብሎ ያልሳቀባቸው ሐበሻ አልነበረም። እሳቸው ግን ጥላ ሠሩ፣ ማራገቢያ ገጠሙ፣ ወተቱንም አይብ ለሚሠራ ሰው ማስረከብ ጀመሩ። እኔን ሳልጠይቃቸው ደወሉልኝ። "እስኪከፈት ድረስ ለምን ቤት ትቀመጣለህ? ና እኛ ጋ ሥራ" አሉኝ።

ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ጋር አልባለሁ፣ በረት እጠርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማ ገብቼ በየሰዉ ግቢ አጥር እከረክማለሁ። ላስ ቬጋስን የሚያውቅ ሰው ያን ቁጥቋጦ ያውቀዋል። ነጭና ሮዝ አበባ አለው፣ ሙቀት አይበግረውም፣ በየአጥሩ ተተክሏል። ኦሊያንደር ይሉታል። ቅጠሉ መርዝ ነው። ደረቁም እርጥቡም ከብት ይገድላል። አላውቅም ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ጋሽ ንጉሤ ገና በመጀመሪያው ቀን "ከከተማ የቆረጥከውን ቅጠል ወደዚህ እንዳታመጣብኝ" ብለውኛል። ለምን እንደሆነም ነግረውኛል። እኔም "እሺ" ብያለሁ።

ነሐሴ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፒክአፕ መኪናዬን ቅጠል ሞልቼ ቆሻሻ መጣያው ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። በማግስቱ ጠዋት በዚያው መኪና መኖ ላመጣ ነበር። ስለዚህ በረቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ገለበጥኩት። አሮጌ ሸራ አልብሼ ሁለት ድንጋይ ጫንኩበት። ነገ አነሳዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ደከመኝ። ደከመኝ ብቻ! ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገ አልኩ። የዚያን ዕለት ማታ ነፋስ ተነሣ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሦስት ላሞች ወድቀው ነበር። ሌሎቹ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተቀምጠው የአንዷን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ጋሽ ንጉሤ ስልክ ላይ ናቸው። እኔ ቀጥ ብዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሸራው የለም። ቅጠሉ በአጥሩ ሥር ተበትኗል፤ ላሞቹ አንገታቸውን በአጥሩ እያሾለኩ የደረሱበትን ያህል በልተውታል። በዚያች ደቂቃ ሁሉንም አወቅሁ። የሚቀጥለውን ያደረግሁት ሳላውቅ አይደለም።

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ፈረንጅ ናት፣ ረጋ ያለች። ላሞቹን እየነካካች "ከወትሮው የተለየ ነገር በልተዋል? ከግቢ የተቆረጠ ቅጠል የመሰለ?" ብላ ጠየቀች።

"የለም፣ እንደዚያ ያለ ነገር እዚህ አይገባም" አሉ ጋሽ ንጉሤ። "አዲስ ድርቆሽ ግን ትናንት ከፍተናል።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ያየኸው ነገር አለ?"

"አላየሁም" አልኩ።

አላየሁም አልኩ። ቅጠሉን መጣሌ ስንፍና ነው፤ ሰው በስንፍና ይበድላል። ይህች ቃል ግን ስንፍና አይደለችም። ያኔ ገና በእግራቸው የቆሙ ብዙ ላሞች ነበሩ። ቅጠል ነው ብል ሐኪሟ የምታደርገውን ታውቅ ነበር፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው አንዳንዶቹ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር በኋላ ራሷ ስትናገር ሰምቻለሁ። እሷ ስለ ሙቀትና ስለ ድርቆሽ ስታስብ፣ እኔ በረቱ ጀርባ ሄጄ ቅጠሉን ለቅሜ መኪና ላይ ጫንኩ። "ውሃ ላምጣ" ብዬ ወጥቼ ሩቅ ቦታ ደፋሁት። ስመለስ ሌሎች ወድቀው ነበር። ከሃያዎቹ ላሞች እስከ ማታ የቀሩት ስድስት ናቸው። ላም ስትሞት ዝም ብላ ነው የምትሞተው፤ ትንፋሿ ያጥራል፣ ዓይኗ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። እያንዳንዷን አይቻለሁ። ሬሳዎቹን በሰንሰለት ጎትቼ ለጭነት መኪናው ያቀረብኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ንጉሤ ትከሻዬን ይዘው "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር ልጄ? እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉኝ። አሜን አልኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአንዷ ጨጓራ የተወሰደው ናሙና ውጤት መጣ። የመርዛም ቅጠል ቅሪት ተገኝቷል። ሐኪሟ ምናልባት ከድርቆሹ ጋር ታስሮ የመጣ ይሆናል አለች። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። ድርቆሹን ፈትተው ለላሞቹ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ደክሞ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውም በኮሮናው ምክንያት ተላልፎባቸው ነበር።

"ዓይኔ ነው" አሉ። "በእጄ እየበተንኩ መርዝ አበላኋቸው።"

ጋሽ ንጉሤ አልተቆጧቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ራት ላይ፣ "ምነው ድርቆሹን ስትፈቺ ብትጠሪኝ ኖሮ" አሉ። እትዬ አስካለ ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር። እበላ ነበር።

ጥጆቹ ለብቻቸው ይታሰሩ ስለነበር ተርፈዋል። እናት አልባዎቹን እትዬ አስካለ በጡጦ አሳደጉ። በየጠዋቱ ወተቱን ያሞቃሉ፣ ሙቀቱን በእጃቸው ጀርባ ይለካሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያጠባሉ። ወደ ላሞቹ በረት ግን ዳግመኛ አልገቡም። "እጄ አይረባም" ይሉ ነበር። ቅዝቃዜ ሲገባ እንኳ ጥጆቹን ለሌላ ሰው አልተዉም። ላግዝዎት ስላቸው "ተወኝ፣ ይኼን እንኳ ልክፈል" አሉኝ። ምን ነበር የሚከፍሉት? የማንን?

በ2021 ጥር ላይ ኮሮና ያዛቸው። ሆስፒታል ሲገቡ ማንም አብሮ መግባት አይችልም ነበር። ጋሽ ንጉሤና እኔ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጠን እንውል ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ደወለችና ስልኩን ወደ እትዬ አስካለ አፍ አስጠጋችላቸው። ጋሽ ንጉሤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍ አድርጌ እኔ ያዝኩላቸው። የኦክስጅኑ ድምፅ ይሰማል።

"ንጉሤ" አሉ እትዬ አስካለ። "ስለ ላሞቹ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ የኔ እናት። ላም ምን አላት? አንቺ ብቻ ተርፈሽ ውጪልኝ።"

ስልኩ በእኔ እጅ ነበር። አፌ ከስልኩ አንድ ክንድ አይርቅም። "እትዬ፣ እኔ ነኝ" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ጋሽ ንጉሤ የቀሩትን ላሞችና ጥጆች ሸጠው እዚያው አቅራቢያ ቦልደር ሲቲ ያለችው ልጃቸው ጋ ገቡ። እኔም ሆቴሉ ሲከፈት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ይመርቁኛል። ያ ምርቃት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው ስለ ላሞቹ አንስቶ ጠየቃቸው። ጋሽ ንጉሤ የሰውየውን ክንድ ይዘው "አስካለ ዓይኗ ደክሞ ነው እንጂ ጠንቃቃ ሴት ነበረች" አሉት። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ነገርኳቸው። ቅጠሉን፣ ሸራውን፣ አላየሁም ማለቴን፣ ስልኩን ሁሉ።

ስጨርስ "አስካለ መቃብር ጋ ውሰደኝ" አሉ።

ወሰድኳቸው። ጎንበስ ብለው ድንጋዩ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ይመስለኛል፣ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት።

"አስካለ፣ አንቺ አይደለሽም። ሰማሽ? ድርቆሹ ደህና ነበር።"

ደጋግመው አሉት። ከዚያ ለልጃቸው ደውለው መጥታ እንድትወስዳቸው ነገሯት። ወደ እኔ ሳይዞሩ "አንተ ሂድ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም፤ እኔም አልደወልኩም።

ይቅር ይበሉኝ አላልኳቸውም። እርስዎንም አልልም። እትዬ አስካለ እኔ ባጠፋሁት እሳቸው ይቅርታ ለምነው ሞተዋል። ያ ቃል ከእንግዲህ በእኔ አፍ እንዴት ይገባል?