መምህራችን ሽማግሌ ሆነው የሄዱ ቀን

እኛ የሸክላ ሠሪ ዘር ነን። እኔ ሸክላ ሠርቼ አላውቅም፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ዳቦና የስልክ ካርድ ነው የምሸጠው። ለሀገሬ ሰው ግን ይህ ምንም አይለውጥም። አጥንት ቆጠራው ድንበር ሲሻገር ፓስፖርት አልተጠየቀም። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ይዘምራሉ፣ ሲያመኝ ይጸልዩልኛል፣ ቤቴ ገብተው ግን ውሃ እንኳን አይቀምሱም።

መምህራችን ብቻ ርቧቸው ይመጡ ነበር። «ዛሬ ምን አለ?» ይሉና ተቀመጡ ሳይባሉ ይቀመጣሉ። ሀገር ቤት የእኛን ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወንበር ስላስቀመጡ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲባረሩ የኖሩ ሴት ናቸው። በስተርጅና ልጃቸው ጆሃንስበርግ ሲያስመጣቸው ያርፋሉ ተብሎ ነበር። ማረፍ የት ያውቃሉ! ዱርንፎንቴን ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ የተወለዱትን ልጆች አማርኛ ያስተምሩ ጀመር። ሲጨርሱ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ከአንድ ሳህን ያበሏቸዋል። የኔን ልጅ ከአንድ የታወቀ ነጋዴ ልጅ ጋር አጣመሯት። አባትየው ጮኸ፣ ዛተ፤ ልጁ ግን መምጣቱን አልተወም።

ሁለቱ አደጉና ሊጋቡ ፈለጉ። አባትየው «እዚያ ቤት ሽማግሌ አልልክም» አለ።

መምህራችን ይህን ሲሰሙ፣ በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው፣ ከዘራቸውን አነሡ። «ሽማግሌው እኔ ነኝ» አሉ። ሽማግሌ የሚሆነው ወንድ ነው፤ የሚላከውም ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ቤት ነው። እሳቸው ሁለቱንም ገለበጡት። ታክሲ ስንሳፈር ሹፌሩ በአገሩ ወግ «ጎጎ»፣ አያቴ፣ «ቀስ በይ» እያለ ደገፋቸው። የልጁ አባት ሱቁ በር ላይ ተቀበለን፤ ለእሳቸው ወንበር አመጣ፣ እኔን እንዳላየ አለፈኝ።

«እማማ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ትንሽ ላስብበት» አላቸው።

«አስብበት፣ ልጄ። ብቻ እኔ ብዙ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም» አሉት።

መልሱ ሳይመጣ የጆሃንስበርግ ብርድ ገባ። ሳንባቸውን ያዛቸውና ዐረፉ። እናቴ ስትሞት እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ነጋዴው ከመምህራችን ልጅ በላይ አለቀሰ። ተነሥቶም «የሰው ልጅ እኩል መሆኑን ያስተማሩን እናት» ብሎ ተናገረ። እኛ ዘንድ ሰው ካልሞተ አይመሰገንም፤ ይህን እያወቅኩም አመንኩት። ልጄም አመነችው። እኔና እሷ የሠራነውን ምግብ በሳህን አድርጋ፣ ከሁሉ አስቀድማ ለእሱ ወሰደችለት።

ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ። «ተባረኪ ልጄ፣ ጾም ይዣለሁ» አለ። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ወዲያው ሌላ ሴትዮ ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች፤ ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበላትና ቆርሶ ጎረሰ።

ልጄ ሳህኑን እንደያዘች ወደ እኔ ተመለሰች።

«ማሚ፣ መልሱ ይሄ ነው አይደል?» አለችኝ።

እንደገና ሄደው የሚጠይቁልንን ሰው ጠዋት ቀብረናቸው መምጣታችን ነበር።